ለረምላ የተለየው ጉበት

ሂክማ ባትሪውን ያየችው የአረፋው በሬ ታርዶ ከተገፈፈ በኋላ ነው። ውሃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ዞር ስትል፣ በሬው ታስሮበት ከከረመው ግንድ ሥር አንድ አሮጌ የአይሱዙ ባትሪ ጎኑ ተሰንጥቆ ተጋድሟል። በስንጥቁ የወጣው ግራጫ ዱቄት በምላስ ተጠርጎ ጠርዙ ያብረቀርቃል።

"አባ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

አባቷ ጀማል ደም የነካ እጁን እየታጠበ ሳቀ። ከሆሳዕና ወደ ሀቢቾ ከተማ ጭነት ሲያመላልስ ያረጀ ሾፌር ነው፤ በሬውን ግን ራሱ ነው ያደለበው።

"ቦሌ መግዛት አስቀረልኝ እንጂ! ከገበያ ያንን ጨዋማ አፈር ልገዛለት ስል ይሄን ሲልስ አገኘሁት። የሚሻውን ያውቃል ብዬ ተውኩት። ሞራውን አላየሽም?"

ሂክማ ጎንበስ ብላ ስንጥቁን አየች። ቱርክ አገር ሄዳ የተማረችው የምግብ ምርመራ ነው። የባትሪ እርሳስ ከብት ሆድ ከገባ ጉበትና ኩላሊት ላይ እንደሚከማች፣ እሳት እንደማያጠፋው፣ ከእናት ወደ ፅንስ እንደሚያልፍ ታውቃለች። ይሄ በሬ ምን ያህል እንደላሰ ግን አታውቅም። መመርመሪያው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ጉበቱ ደግሞ መጥበሻ ላይ ይንጫጫል።

ጉበቱ የእህቷ የረምላ ነው። ረምላ እርጉዝ ናት፤ ጤና ጣቢያ ደም አንሶሻል ስላሏት፣ ጀማል ሥጋውን ሊካፈሉ የመጡትን ሰዎች አስፈቅዶ ለይቶላታል።

ሂክማ ገባች፤ ወጣች፤ ደግማ ገባች። ከቱርክ ከመጣች ጀምሮ ውሃውን ስትከለክል፣ ዘይቱን ስታስደፋ፣ በርበሬውን ስታሸት ከርማለች፤ አንዱም ማንንም አልጎዳም። ዛሬም ብትሳሳትስ? አባቷን በእንግዶቹ ፊት አዋርዳ?

"ምነው ሂክሚዬ፣ ጥጃዋ እንደጠፋባት ላም ትዞሪያለሽ?" አለ ከተካፋዮቹ አንዱ፣ ነጋዴው ሚፍታህ። "ቱርኮች ጉበት ሲያዩ ይሸሻሉ እንዴ?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጉበቱ ከቆጮ ጋር ቀረበ። ረምላ ጠቅልላ ስታነሳ ሂክማ እጇን ያዘቻት።

"አትብዪ።"

"ደግሞ ምን አገኘሽበት?"

"በሬው ባትሪ ሲልስ ነው የከረመው። መርዙ ጉበትና ኩላሊት ላይ ነው የሚቀመጠው። ልጁን ይጎዳዋል።"

ሚፍታህ ቆጮውን ማኘኩን አቆመ። "ጀማል፣ እውነት ነው?"

"አንድ ቀን ታሞ ያውቃል? ሁላችሁም አይታችሁታል!" የጀማል ድምፅ ሻከረ። "ለአላህ ብዬ ያረድኩትን ልጄ መርዝ ትለዋለች?"

ረምላ ከእህቷ ዓይኗን አልነቀለችም። "እርግጠኛ ነሽ?"

አዎ ብትል ይበቃ ነበር። ሂክማ የረምላን እጅ ለቀቀች። "አይደለሁም። ምን ያህል እንደገባበት ሳይመረመር አይታወቅም። ግን አትብዪ።"

"ስለ ውሃው እርግጠኛ ነበርሽ" አለች ረምላ ቀስ ብላ። "ስለ ዘይቱም ምለሽ ነበር። ዛሬ ግን አልማልሽም።" ጉርሻውን መልሳ አስቀምጣ ሳህኑን ከፊቷ ገፋችው።

ጀማል ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። "ቢስሚላህ" ብሎ አንድ ቁራጭ ጎረሰ፤ ወደ ማንም ሳያይ አኝኮ ዋጠ።

"አባ፣ በአላህ!"

ሁለተኛውን አነሳ። ሂክማ ተንበርክካ የሳህኑን ጠርዝ ያዘች፤ ጀማልም አልለቀቀም።