በአባት አንደበት የተጠራ ስም

ሥልጣን ሁሉ ከልዑል የተሰጠ አደራ ነውና፥ በወንበር የተሰየመ ሰው ከሥጋው አስቀድሞ ለሥርዓት ይገዛ ዘንድ ይገባዋል። ብላታ ወልደ ቂርቆስ ገና በብላቴንነታቸው፥ በሕግ ትርጓሜ ጉባኤ ከመምህራቸው እግር ሥር ተቀምጠው፥ «ዳኛ የሰማውን አልሰማሁም አይበል» የምትለውን ቃል በአለንጋ ተምረዋታል፤ የአለንጋው ሰንበር ሲጠፋ ቃሊቱ ግን በአጥንታቸው ጸንታ ቀረች።

ከብዙ ዘመን በኋላ በአንዲት ጥንታዊት መንግሥት የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው ተሾሙ። በዚያ ምክር ቤት እንደራሴ ሁሉ በወከለው አውራጃ እንጂ በስሙ አይጠራም፤ አፈ ጉባኤው አንዱን በስሙና በአባቱ ስም የጠሩት እንደ ሆነ ግን ያ መጠራት ቅጣት ነው፤ የተጠራው ወዲያው ይወጣል፥ እስከ ዘመነ ጉባኤው ፍጻሜም ድምፅ አይሰጥም። በቅርቡ እንኳ አንድ ሽማግሌ እንደራሴ ባልደረባቸውን ውሸታም ብለው ቃላቸውን አላነሣም ስላሉ፥ ብላታ በስማቸው ጠርተዋቸው፥ እኒያ ግርማ ያላቸው አረጋዊ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወጥተዋል።

ጭሰኞችን ያለ ፍርድ ከሚያርሱት መሬት መንቀልን የሚከለክለው ረቂቅ ለድምፅ በቀረበባት ዕለት፥ ደጋፊዎቹ ከተቃዋሚዎቹ በአንድ ሰው ብቻ ይበልጡ ነበር፤ አንድ ቢጎድል ድምፁ እኩል ይሆናል፥ እኩል የሆነም ረቂቅ በሥርዓቱ ይወድቃል፥ አፈ ጉባኤውም ድምፅ የላቸውም። ብላታ በልባቸው ረቂቁ ይጸድቅ ዘንድ ይመኙ ነበር፤ ከደጋፊዎቹም መካከል አንድያ ልጃቸው፥ የሰርዶ እንደራሴ ይትባረክ፥ ነበረበት። ይህን ሁሉ መዝነው፥ ብዙ ጋሻ መሬት ያላቸው የወይናምባ እንደራሴ ፊታውራሪ ደምስ ፈገግ ብለው ተነሡ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፥ የሰርዶው ተወካይ ጭሰኛ የሚያውቁት ከበቅሎ ላይ ሆነው ነው። የእኔን ጭሰኞች ማን ነቀላቸው? ወደው፥ መርቀውኝ ሄዱ እንጂ።» ባለርስቶቹ ሳቁ።

ይትባረክም ተነሥቶ፥ «ወዶ የሚሄድ ሰው በሐምሌ ዝናብ ጣራው በላዩ አይነድበትም፤ ጭሱን በዓይኔ አይቻለሁ። ፊታውራሪ ውሸታም ናቸው» አለ።

ሳቁ ቆመ። ብላታ ወጥመዱን አዩት፤ ጆሯቸው መድከሙን ቢያመካኙ የሚቃወማቸው እንደሌለ፥ የሽማግሌው ወንበርም በፊታቸው ባዶውን እንደ ተቀመጠ አዩ።

«የሰርዶ ተወካይ ቃላቸውን ያንሡ።»

«ክቡር አፈ ጉባኤ፥ እውነት ነውና እንዴት ላንሣው?»

«እውነትነቱን አልጠየቅኩም። ያንሡ።»

ይትባረክ አባቱን አየ፤ ወዲያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ባነሣው እኒያ ሰዎች ወደው ሄዱ ማለቴ ነው። አልችልም፥ አባባ» አለ።

ብላታ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይትባረክ ወልደ ቂርቆስ» ብለው፥ የወለዱትንም የገዛ ራሳቸውንም ስም በቅጣት ቃል ጠሩ። ልጁ እጅ ነሥቶ ወጣ፤ በሩም ተዘጋ፤ በዚያች ዕለት ሥርዓቱ ከበረ፥ ድምፁም እኩል ሆኖ ረቂቁ ወደቀ፥ ጭሰኞቹም ተነቀሉ፤ በደል በጻድቅ እጅ የተፈረደ እንደ ሆነ፥ ይግባኝ የሚባልበት ችሎት በምድር ላይ አይገኝለትምና።