አምበሉ ባልደረባውን ያመሰገነበት ጉባኤ

ፍርሃት በሰው ልጅ ልቡና ውስጥ ከልደት እስከ ሞት ኅዱር ሆኖ የሚኖር፣ ጠቢቡን ከአላዋቂ፣ ኃያሉን ከደካማ ሳይለይ የሚያርድና የሚያንቀጠቅጥ ጌታ መሆኑን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ከገዛ ሕይወትህ ታውቀዋለህና ማስረጃ አልደረድርልህም። ይሁን እንጂ ፍርሃት እግርን ሲያስር ከሚያደርሰው ጥፋት ይልቅ ልሳንን ሲፈታ የሚያደርሰው የከፋ መሆኑን ታስተውል ዘንድ፣ በደሴ ከተማ የመብረቅ ቅርጫት ኳስ ክለብ አምበል በነበረው በአንዳርጌ ላይ የሆነውን እነግርሃለሁ።

አንዳርጌ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኳስ እያከፋፈለ የክለቡን ጨዋታ ያደራጀ፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ እጁ ብልህ፣ ዓይኑ የረጋ የሠላሳ ሦስት ዓመት ጐልማሳ ነበር። በሜዳ ላይ ሺህ ሰው ቢጮኽበት የማይደነግጠው ይህ ሰው፣ በዚያ የኅዳር ሐሙስ ከቀትር በኋላ ወደ ክለቡ ጉባኤ አዳራሽ ደረጃውን ሲወጣ ፍርሃት ይዞት ነበር። መብረቅ ከቅርጫቱ ሥር የሚቆም ረጅም ሰው በማጣቱ፣ ከቀለበቱ ነጥሮ የሚመለስ ኳስ ሁሉ የባላጋራ ሲሳይ ከሆነ ወራት አልፈዋል። አንድ የድሬዳዋ ክለብ ታዲያ ሁለት ሜትር ከስምንት ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ግዙፍ ተጫዋቹን ሊለቅ፣ በልውውጡም ከሁለቱ ኳስ አደራጆች፣ ከአንዳርጌና ከተተኪው ከምንተስኖት፣ አንዱን ሊቀበል ደብዳቤ ልኮ ነበር። የአንዳርጌ ባለቤት የሺእመቤት ደግሞ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ አስወርዷት፣ በሦስተኛው ስምንተኛ ወሯን ይዛ፣ ከአልጋ እንዳትነሣ ሐኪም ከልክሏት ሆስፒታል ተኝታለች፤ ከባሏም በቀር የሚያስታምማት ዘመድ የላትም። የቀደሙትን ሁለቱን የሰው አፍ በላብን ብለው ስላመኑ፣ የሦስተኛውን ነገር ለፍጡር ላይተነፍሱ በመስቀል ተማምለው ነበር። አንዳርጌ ሚስቱን ትቶ ከመሄድ ሞትን ይመርጥ ነበር።

የክለቡ ሰብሳቢ አቶ ልሳነወርቅ፣ በዳኝነት ያረጁና የተከበሩ ሽማግሌ፣ የጥንቱን ችሎት ሥርዓት በክለቡም አጽንተው ያኖሩ ሰው ናቸው። ሐሳብ የሚሰጠው ከታናሽ ወንበር ጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ የተናገረም ዳግመኛ አይናገርም፤ የመጨረሻው ቃል የሰብሳቢው ነው። ታናሹ ወንበር የአምበሉ ነበር።

«እንግዲህ አንዳርጌ፣ ከአንተ እንጀምር። ከሁለታችሁ ማን ይሂድ?» አሉ።

አንዳርጌን እኔን አትንኩኝ ማለት አሳፈረው፤ የሚስቱን ነገር እንዳያነሣ መሐላውና የሰው አፍ አስፈራው። በዚህ ጭንቅ መካከል አንዲት ብልሃት ብልጭ አለችለት፤ ወዮ ለእንዲህ ያለች ብልሃት! ምንተስኖትን አክብሮና አግንኖ ቢያመሰግን ለግዙፉ ሰው የሚመጥን ልዋጭ እሱ መስሎ እንደሚታይ ገመተ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ምንተስኖት ይሂድ እላለሁ» አለ። «እኔ እያረጀሁ ነው፤ ምንተስኖት ግን ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው። በፍጥነቱ የሚደርስበት የለም፤ እኔ አሁን የማየውን ክፍተት እሱ አስቀድሞ አይቶታል። ሁለት ዓመት ቢቆይ በአገሩ አቻ አይገኝለትም። እንዲያ ላለ ረጅም ሰው የሚመጥን እሱ ነው፤ እኔን ብትልኩላቸው ግን ይታዘቡናል።»

ገበያ የወጣ ሰው በሬውን የሚያመሰግነው ለገዢ ነው፤ የኛ አንዳርጌ ግን ለበሬው ጌታ አመሰገነለት። ከእሱ ቀጥሎ የተነሡት አሠልጣኙ ሻምበል ድንቁ፣ «እኔ እንኳ የመጣሁት አንዳርጌ እንዳይነካብኝ ልሟገት ነበር» አሉ። «ዳሩ ግን የገዛ አምበላችን እንዲህ የመሰከረለትን ልጅ አሳልፈን ብንሰጥ ማን ይምረናል? አንዳርጌ ይሂድ።» የክለቡ ሐኪምም፣ ጸሐፊውም ያንኑ ደገሙ። አንዳርጌ የገዛ ቃሉ ከወንበር ወደ ወንበር እየተሸጋገረ ሲመለስበት ሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወደ ሰብሳቢው ሲደርስ ግን ሥርዓቱንም መሐላውንም ጥሶ ብድግ አለ።

«ጌታዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ! ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሁለት አጥተናል፤ ከእኔ በቀር ሰው የላትም» አለ።

 አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይህን አስቀድመህ ብትናገር ስምህን የሚያነሣ አልነበረም» አሉ። «አንተ ግን ባልደረባህን ልትሸኝ ሞከርህ፤ ሳይሆንልህ ሲቀር ተናገርህ። ላንተ ብዬ ሥርዓቱን ባፈርስ፣ ምንተስኖትን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ሰኞ ትሄዳለህ።»

ጀንበር ሳትጠልቅ ሆስፒታል ደረሰ። የሺእመቤት ፊቱን አይታ ሁሉን ተረዳች።

«ስለ እኔ ነገርካቸው?» አለችው።

«ነገርኳቸው።»

«መቼ?»

«ሁሉም ከተናገሩ በኋላ።»

እጇን በሆዷ ላይ አኖረች። «እንግዲህ ሰው ሁሉ አወቀ» አለች፤ «አንተም የለህም።» አንዳርጌ ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ ግንባሩን በአንሶላው ላይ ደፋ። ፍርሃት ለሰው ብዙ ቃል ይሰጠዋል፤ የሚነሣው የምታድነውን አንዲቱን ብቻ ነው።