ያልላላው ዳዶ

ወንድሜ ሲታመም ሰው ሁሉ ድንገት ከእሱ ጋር መስማማት ጀመረ። ሰማዩ ጠርቶ እያለ "ዝናብ ሊመጣ ነው" ይላል፤ "አዎ ጋሼ፣ ይመጣል" ይሉታል። ሾርባው ጨው የለውም ሲል ይጨምሩለታል፣ በዛ ሲል ደግሞ ደፍተው ሌላ ይሠሩለታል። እሱ እንግዲህ ዕድሜ ልኩን በሙግት የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሚስቱ ከክፍሉ እስክትወጣ ጠበቀና፣

"ዳዶ፣ ልሞት ነው መሰለኝ። ማንም አይከራከረኝም" አለኝ።

"እኔ አለሁ አይደለም እንዴ?"

"ለዚህ እኮ ነው ያስጠራሁሽ። መርከቢቱ መጥታለች። ሊቆራርጧት ነው።"

የትኛዋ መርከብ ብዬ አልጠየቅሁትም። በእኛ ቤት "መርከቢቱ" ሲባል አንዲት ናት።

እኔና እሱ በወጣትነታችን የባህር ኃይሉ መርከብ መሥሪያ ውስጥ፣ የብሎን ቤተ ሙከራ በሚባለው ክፍል አብረን እንሠራ ነበር። እሱ ቀድሞኝ ገባ፣ እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ተከተልኩት። ሥራችሁ ምንድን ነው ሲሉን "ብሎን እንሰብራለን" እንል ነበር። እውነትም ነው። ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም አዳራሽ ነበር፤ መስኮቶቹ ከባህሩ በሚመጣ ጨው ደብዝዘዋል፣ ወለሉ የማሽን ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። በአንድ በኩል ብሎኑን ከሁለት ጫፍ ይዞ እስኪበጠስ የሚጎትት ማሽን አለ። ሲበጠስ የሚያሰማው ድምፅ አዲስ ሰው ያስደነግጣል፤ እኛ ግን ወሬያችንን እንኳ አናቋርጥም። በሌላው በኩል የሚንቀጠቀጥ የብረት ጠረጴዛ ነበር። እሱ ሲነሳ አዳራሹ በሙሉ አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሁላችንም ሻያችንን ከጠረጴዛ ላይ አንስተን በእጃችን እንይዛለን። አሁን ድረስ በአጠገቤ ከባድ መኪና ሲያልፍ እጄ ስኒ ፍለጋ ይሄዳል። ናፍቆኛል፤ ምን እደብቃለሁ።

ጦር መርከብ ላይ ብሎን እንደዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ሞተሩ ቀን ከሌት ይነዝራል፤ መድፉ ሲተኮስ ደግሞ መርከቡ ከእግር እስከ ራሱ ይናጋል። ብሎኑ ጫፍ ላይ ዞሮ የሚያጠብቀው ዳዶ ቀስ በቀስ የሚላላው ያኔ ነው። እኔንና ወንድሜን ያጣላን ራስ የሌለው ብሎን ነበር፤ አንዱ ጫፉ መርከቡ ብረት ላይ ይበየዳል፣ በሌላው ጫፍ የማሽኑ እግር ይገባበትና ዳዶ ይታሰርበታል። እንደ ድንኳን ካስማ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም እኛ "ችካል" እንለው ነበር።

ወንድሜ "ችካል ቀጭንና ረጅም መሆን አለበት" ባይ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብረቱ ለዓይን በማይታይ መጠን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ወደ ቦታው ልመለስ ሲል ነው ዳዶውን አንቆ የሚይዘው። ረጅም ከሆነ ብዙ ይለጠጣል፣ ብዙ ከተለጠጠ አይላላም። እኔ ደግሞ "ወፍራምና አጭር ይሁን፣ ላዩ ላይ ሁለት ዳዶ እርስ በርስ ይቆላለፍ፣ ከዚያ ማን ይነቀንቀዋል?" ባይ ነበርኩ። እሱ እንደ ሸንበቆ ረጅምና ቀጭን፣ እኔ አጭርና ድብልብል ነበርኩ። የወርክሾፑ ሰዎች "እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ነው የሠሩት" እያሉ ይስቁብን ነበር። እሱን ጋሼ ችካል፣ እኔን ዳዶ አሉን። የእኔው ስም ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣና ባሌም ልጆቼም በዚያው ይጠሩኛል።

ጠረጴዛው ላይ ስንፈትነው አንድ ቀን የእሱ ይረታል፣ ሌላ ቀን የእኔ። በመጨረሻ አለቃችን ተሰላቸና "በቃ፣ መርከብ ላይ ሄዳችሁ ተጣሉ!" አለን። አንዲት አዲስ የቅኝት መርከብ ነበረች፤ ከመድፏ ሥር፣ ከታችኛው ክፍል፣ በቀኝና በግራ የተቀመጡ መንታ ጄኔሬተሮች ነበሯት። ቀኙ በወንድሜ ችካል ይታሰር፣ ግራው በእኔ፣ ዓመት ሲሞላው ተከፍቶ ይታይ ተባለ።

ያሰርንበት ቀን ትዝ ይለኛል። ዳዶ ከጠበቀ በኋላ፣ ከዳዶው ወደ ታች ወደ ብረቱ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ይሰመርበታል። ዳዶው ትንሽ እንኳ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ በዚያ ይታወቃል። የዚያን ቀን ግን የወርክሾፑ ቀለም ዘይቱ ላይ አልይዝ ብሎ እየተላጠ አስቸገረን። ወንድሜ ዝም ብሎ ቦርሳዬን ከፈተና ለሠርጌ የገዛሁትን ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣ። ገና ክዳኑ አልተነካም! ጮኽኩ፣ ተሳደብኩ፤ እሱ ግን ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ እንደ ሥዕል ሠዓሊ፣ ቀኙንም ግራውንም አንድ በአንድ አሰመረው። ሙሽሪት ያለ ጥፍር ቀለም ተዳረች።

ዓመቱ ሳይሞላ መርከቢቱ ወደ ሌላ ባህር ተመደበች። ቆይቶም ቤተ ሙከራው ተዘጋ፤ ማሽኖቹ ተጭነው ሄዱ፣ አዳራሹ የገመድና የቀለም መጋዘን ሆነ። ክርክራችን ግን ጡረታ አልወጣም። ሠርግ ላይ እንጣላለን፣ ለቅሶ ቤት እንጣላለን። "ይሄኔ ግራው ተንጠልጥሏል" ይለኛል ገና ከበር ሲገባ። "ቀኙ ባህር ውስጥ ከገባ ቆየ" እለዋለሁ። ልጆቻችን ነገሩን በቃላቸው ያውቁታል። ሚስቱ "እሳትና ጭድ!" እያለች መሀላችን ትቀመጥ ነበር።

እንግዲህ መጣች የተባለችው ያቺ መርከብ ናት። ወንድሜ እጄን ያዘኝ።

"ሂጂና እይልኝ። ያየሽውን ንገሪኝ። ግን አፈር ስሆን፣ እንደነሱ እንዳታባብይኝ። አንቺም 'አዎ ጋሼ' ካልሽ አበቃልኝ ማለት ነው።"

መንገዱን ሁሉ ስጨነቅ ሄድኩ። ግራው አሸንፎ ከሆነ ደግ፤ እነግረዋለሁ፣ ይናደዳል፣ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ይሟገተኛል። ቀኙ ካሸነፈስ? ልክ ነበርክ ማለቴ ነው። እውነቱን ብነግረው ማባበል ይመስለዋል፣ ብዋሸው ደግሞ ቃሌን አፈርሳለሁ። ድሮ ድሮ የእኔ ግራ እንዲያሸንፍ የምመኘው ለራሴ ነበር፤ የዚያን ቀን የተመኘሁት ለእሱ ነው።

ሲያልቅ አያምር ይባላል። አንድ ሐሙስ የቀራት መርከብ ሆና ነው ያገኘኋት። መድፏ ተነቅሏል፣ ቀለሟ ተልጧል፣ ጎኗ በጋዝ እሳት ተቀዶ የቀን ብርሃን እሆዷ ውስጥ ገብቷል። ብረት ቆራጩ፣ ጠና ያለ ሰው ነው፣ መሰላሉን ደግፎ ወደ ታች አወረደኝ። ጄኔሬተሮቹ አሁንም እቦታቸው ነበሩ። መጀመሪያ ወደ ራሴ ሄድኩ፤ ወደ ግራው። ዘይትና አቧራውን በጨርቅ ጠረግሁት። ቀዩ መስመር ተሰብሯል። በአጠገቡ ነጭ መስመር አለ፣ እሱም ተሰብሯል። ከነጩ ቀጥሎ ቢጫ። እዚህ መርከብ ላይ ያለፈ መካኒክ ሁሉ የእኔን ዳዶ ሲያጠብቅ ኖሯል።

ወደ ቀኙ ዞርኩ። ጠረግሁት። ቀዩ መስመር ከዳዶው ወደ ብረቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ልክ እሱ ምላሱን አውጥቶ እንዳሰመረው። ቀጣዩም እንደዚያው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። በዚያ ሁሉ ዘመን፣ በዚያ ሁሉ መድፍ! "አንተ ሸንበቆ!" ብዬ ሰደብኩት፤ እንባዬም መጣ። ከግድግዳው ጥግ ያለው አንዱ ብቻ ተሰብሮ ነጭ ተሰምሮበታል። እሱን ሳይ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ።

"ይህን አንዱን ዳዶው ሳይፈታ፣ ከማሽኑ እግር ጋር ከነብረቱ ቁረጥልኝ። ከሩቅ ቁረጠው ታዲያ፣ እሳቱ እንዳይነካው" አልኩት ቆራጩን፣ መስመራቸው ካልተሰበረው አንዱን መርጬ።

"እማማ፣ ይሄ ብረት ምን ያደርግልዎታል?"

"ለወንድሜ ነው። ታሞብኛል።"

"ለበሽተኛ ብርቱካን ነበር የሚወሰደው" አለና የሥራ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደ።

እንደ ሕፃን ታቅፌው ሄድኩ። አልጋው ላይ፣ ጭኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ፍራሹ ሰመጠ።

"የቀኙ ነው። አልላላም" አልኩት።

ብረቱን አላየም። እኔን ነው ያየኝ። ፊቱ ቀስ እያለ ተዘጋ።

"አንቺም?" አለኝ።

"መስመሩን እየው እንጂ!"

"ቀይ ቀለም የትም አለ። ገዝተሽ ቀብተሽዋል። ደግ አደረግሽ፣ እግዜር ይስጥሽ።" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። የታመመ መሆኑን ረሳሁት። "ስማ አንተ ሰውዬ! በዚህ ጉልበቴ መሰላል ወርጄ፣ በዘይት ተለቅልቄ፣ ለአንተ ብዬ ልቀባ? የሠርግ ቀለሜን ሰርቀህ ደግሞ አታላይ ታደርገኛለህ? ደግሞ ብዙ አትኩራ፣ ካንተም አንዱ ላልቷል!"

ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ።

"የቱ?"

"ከኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ያለው።"

ዓይኑን ጨፈነ። ደከመው ብዬ ደነገጥኩ። ቆይቶ ግን ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"ዳዶ" አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ። "እሱን ያጠበቀው ማነው?"

"አንተ ነሃ! ቀኙን በሙሉ..."

"እዚያ ጥግ የእኔ ክንድ አልገባ አለ። 'አጭር ሰው ለዚህ ይጠቅማል' ብዬ አንቺን አስገባሁሽ። ቀሚስሽ ዘይት ነክቶ ስታለቅሺ አልነበር?"

ትዝ አለኝ። ቀሚሱ፣ ጥጉ፣ እግሬን ይዞ ሲያወጣኝ፣ ሁሉም ትዝ አለኝ። የላላውን ያጠበቅሁት እኔ! ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ መልሶ ሳቅ ሆነ።

"ተረታሁ በይ!" አለኝ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

"ሞቼ ነው ቆሜ! እንዲያውም ያንተ ብሎን ካንተ ክንድ ውጪ አይሠራም ማለት ነው! መርከበኛው ሁሉ አንተን በኪሱ ይዞ ይዙር?"

"ማጥበቅ የማያውቅ ሰው ምን ሊሠራ ባህር ይገባል?"

"ሁሉም ሰው ሸንበቆ አይደለም!"

ሚስቱ እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እየጮኸ ነው" አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፤ ከዚያ አለቀሰች። ማታ ሾርባውን ይዛለት ስትገባ ጨው በዝቷል አላት።

"አልበዛም! ጠጣው!" አለችው።

ወንድሜ እየተነጫነጨ ሳህኑን ጨረሰው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በሄድኩ ቁጥር ሰላም ከማለቱ በፊት "ተረታሁ በይ" ይለኛል፤ እኔም "አፍንጫህን ላስ" እለዋለሁ። በመጨረሻው ቀን ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ፣ ዳዶ እንደሚያጠብቅ ሰው፣ በትንሹ አዞረልኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ እምቢ። ፈገግ አለ።

ከለቅሶው በኋላ ሚስቱ ብረቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ሳሎን መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ጠዋት ግን የድሮው ሥራ ተነሳብኝ። ያ ችካል አሁንም ምን ያህል ይዟል? ለማወቅ መፍታት ነው፤ ሲፈታ የሚያስፈልገው ጉልበት ይነግርሃል። የባሌን መፍቻ አምጥቼ ዳዶው ላይ ገጠምኩ። እጄን ሳሳርፍ የእሱ ክርክር መጣብኝ። የሚይዘው መለጠጡ ነው ይል ነበር። እንግዲያስ የዚያን ቀን የሳበው ጉልበት፣ የወንድሜ የወጣትነት ክንድ፣ አሁንም እዚህ ብረት ውስጥ እንደተወጠረ አለ ማለት ነው። ብፈታው ይወጣል። መልሶ የሚስበው ሰው ደግሞ የለም።

መፍቻውን አነሳሁ። ቀዩን መስመር በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ እንዳለ ነው።

"ተረታሁ፣ ጋሼ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

በልማድ መልሱን ጠበቅሁ። ባሌ ከጓዳ፣

"ዳዶ፣ ማንን ነው የምታናግሪው?" አለኝ።

"ማንንም" አልኩት።