ሞገድ ዕቃ አያመላልስም

ረቢያ ለዙህር ውዱእ ልታደርግ ሐይቁ ዳር ስታጎነብስ፣ ፓስፖርቷን የያዘውን ፌስታል አጠገቧ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። ዓረብ አገር የነበረችው አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቆልፋባት ስለነበር፣ ከተመለሰች ወዲህ ከራሷ ለይታው አታውቅም። ውሃ እንዳይነካውም አየር ሞልታ ቋጥራዋለች። ንፋስ መጣና ፌስታሉን አንከባሎ ውሃው ላይ ጣለው። በረራዋ ነገ ነው።

ታንኳዎቹ ማዶ ናቸው። ዋና የሚችሉት ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። እዚያ የተገኘሁት እኔ፣ ክፍለ ጊዜ የሌለኝ የፊዚክስ መምህሩ አስረስ ነኝ፤ ውሃን የማውቀው በጥቁር ሰሌዳ ነው።

ጉዞውን የጨረሰላት አጎቷ ኑርዬ ግን መላ አላጣም። እዚህ ዳር ኳስ ውሃ ሲገባ እንደሚደረገው፣ ሞገዱ ገፍቶ እንዲያመጣው ከፌስታሉ ማዶ ድንጋይ ይወረውር ጀመር። ረቢያም የታዘዘችውን ያህል ጠጠር ትወረውራለች።

«አይመጣም» አልኩ። «ሞገድ ያልፋል እንጂ ዕቃ ይዞ አይሄድም። ፌስታሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እዚያው ነው።»

የኑርዬ ሞገድ ከንፋሱ ሞገድ ጋር ተገናኘ፤ ተደምረው ፌስታሉን ከፍ አደረጉት።

«መጣ!» አለ ኑርዬ።

«ተነሣ እንጂ አልመጣም» አልኩት።

ሁለቱ ሞገዶች ተላልፈው በየመንገዳቸው ሄዱ፤ ፌስታሉ ዝቅ አለ። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር እንዲህ በዓይን ሲታይ ደስ ይላል፤ የሚያይልኝ ግን አልነበረም።

የረቢያ እናት ሀውራ ቁጭ ብላለች። ልጇ ዳግመኛ እንድትሄድ እንደማትፈልግ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ኑርዬን ግን ደፍራ እምቢ ብላው አታውቅም።

«ሀውራ፣ ምን ይጎልትሻል? ያ አላህ፣ ወርውሪ እንጂ!» አላት ኑርዬ።

ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ እንዲያው በሚያምኑበት ይማሉልኝ፤ ድንጋዩ አያመጣውም?»

«በማርያም፣ አያመጣውም!» አልኩ በንዴት። በመጨረሻ አንድ ተማሪ አገኘሁ።

ሀውራ ብድግ ብላ ከኑርዬ የበለጠ ድንጋይ አንሥታ ወረወረች። ደገመች። ኑርዬ «እንዲህ ነው እንጂ!» ይላል። ትምህርቴን ውሃ በላው ብዬ በገንኩ። እንደገና ላስረዳት አፌን ስከፍት ፊቷን አየሁት፤ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ረቢያም አየቻት። የያዘችውን ጠጠር ጣለች፤ ጎንበስ ብላ ትልቅ ድንጋይ መረጠችና ለእናቷ አቀበለቻት።