አንዱ አሳንሰር ሲዘጋ

በምክር ቤቱ ሕንፃ ሁለት አሳንሰሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። የቀኙ የስምምነት ፓርቲ ነው፤ የግራው የመግባባት ፓርቲ። ስማቸው እንዲያ ይሁን እንጂ ሁለቱም ጠብ ያለሽ በዳቦ ሲሉ የሚውሉ ናቸው። እንዲህ ተከፋፈሉ ያለ ሕግ የለም፤ ግን አንዱ ተሳስቶ በሌላው ቢሳፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የከሃዲነቱ ወሬ ቀድሞት ይደርሳል።

አዲሱ መሪ ሥልጣን በያዙ በሳምንቱ የግራውን አሳንሰር አዘጉት። አብሮ የወጣ አብሮ ያስባል አሉ፣ በቴሌቪዥን፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ሕዝቡ አጨበጨበ። በማግስቱ ሁለቱም ፓርቲዎች በደረጃ መውጣት ጀመሩ። ከባላንጣ ጋር ተፋፍጎ ከመቆም ሳንባ ቢፈነዳ ይሻላል ተባለ። መሪው ብቻቸውን በአሳንሰሩ ሽቅብ ቁልቁል ይሉ ጀመር።

ፍዳቸውን ያዩት በድምፃቸው የተነሣ ነጎድጓድ የሚባሉት የስምምነት ፓርቲ አንጋፋ ናቸው። ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ከጉልበታቸው የባሰ ሕመም ግን አለባቸው። የታናሽ እህታቸው ባል መግባባት ፓርቲ ከገባ ወዲህ ቤቷን ረግጠው አያውቁም። እህታቸው ናፍቃቸዋለች፣ በጣም። ግን ለማን ይናገሩት?

አራተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ደረጃው ላይ ዘጭ ሲሉ፣ አጠገባቸው ሌላ ሰው ያለከልካል። ዞር ቢሉ የእህታቸው ባል ነው። ደንቡ ተነሥቶ መሄድ ነበር፤ ለመነሣት ግን ሁለቱም አቅም አልነበራቸውም። ከዚያ ስለ ደረጃው አጉረመረሙ፣ መሪውንም አሙ። ሐሜት መቼም ያቀራርባል፤ ነጎድጓድ ሳይታወቃቸው ሳቁ።

«ጋሼ» አለ አማቻቸው ቀስ ብሎ፣ «እህትዎ እኮ በሬዲዮ በሰማችዎ ቁጥር ታለቅሳለች። እሁድ ብቅ ቢሉ ምናለበት?»

ነጎድጓድ እሺ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ከታች የፓርቲ ጓዶቻቸው ኮቴ ተሰማ።

«ነገ እነግርሃለሁ» ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ፓርቲዎች በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጋራ ሐሳብ አቀረቡ፤ የተዘጋው አሳንሰር ይከፈት የሚል። የተቃወመ የለም፣ ድምፁን ያቀበ የለም። ነጎድጓድ ግራ ቀኛቸውን አዩ፤ የሁሉም እጅ ወደ ላይ ነው። እሳቸውም አወጡ። ከማዶ የአማቻቸውም እጅ ተነሥቷል። መሪው እንባቸውን እየጠረጉ፣ ይኸው አንድ ሆንን አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ አሳንሰሮች እኩል ተከፈቱ። ነጎድጓድ ከጓዶቻቸው ጋር በቀኙ ገቡ፣ አማቻቸው ከጓዶቹ ጋር በግራው ሊገባ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ እሱ መልሱን ይጠብቃል።

ነጎድጓድ አቀርቅረው ሰባትን ተጫኑ።