ያላበጠው ጣቴ

በጃንሆይ ዘመን ነው፣ ልጆቼ። አንድ ማለዳ ኮልፌ ገበያ ሙዝ ሳወርድ ከዘለላው ውስጥ ትንሽ እባብ ጣቴን ነደፈችኝ። አላበጠም፣ ብዙም አላመመኝም፤ ንቄው መሸጤን ቀጠልኩ። ወደ ቀትር ግን ዐይኔ አልገለጥ፣ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

«በጠራራ ፀሐይ ጠጣህ እንዴ?» ብሎ ጎረቤቴ ጉልላት ሳቀብኝ።

አብራኝ የምትሸጠው ባለቤቴ ሸዋገነት ግን፣ «ጠጥቶ አያውቅም! ጠዋት እባብ ነድፋዋለች፤ ታክሲ ጥራ!» አለችው።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ትንፋሼ ቆመ። ጉልላት «ወንድሜን!» ብሎ ጮኸ።

«አልሞተም» አለ ሐኪሙ፤ «ይህ መርዝ ነርቭ ጡንቻን እንዳያዝዝ ነው የሚያግደው። ልቡ ይመታል፣ የምትሉትንም ይሰማል። እስኪለቀው እኛ እናስተነፍሰዋለን።»

የጎማ ፊኛ እየጨመቁ ሲያስተነፍሱኝ አደሩ። እውነትም ሁሉን እሰማ ነበር። በማግስቱ ምላሴ ሲፈታ መጀመሪያ ያልኩት፣ «ጉልላት፣ አልጠጣሁም» ነው።