ሰው የማይሄድበት አቋራጭ

በልብስ ማጠቢያ ቤቱ አዲስ ለተቀጠረችው እናት አንድ ነገር አልገባ አላት። ከግቢው ጀርባ፣ በሁለት ግንብ መካከል፣ በቀጥታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚያወጣ አቋራጭ አለ። ሴቶቹ ግን ቀኑን ሙሉ ቆመው የዋሉበትን እግር እየጎተቱ ዳገቱን ዞረው ነው የሚሄዱት።

ለራሷ ብላ አልነበረም ነገሩ የከነከናት። ከሰኞ ጀምሮ ሴት ልጇ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በዚያው አቋራጭ እሷ ጋ ልትመጣ ነው።

ልብስ ተኳሿን ብትጠይቃት ጭቃ አለው አለቻት። ዝናብ ከጠፋ ግን ሰንብቷል። አንሶላ አጣፊዋ ደግሞ ክፉ ውሻ አለ አለቻት። በምሳ ሰዓት አጥሩ ሥር ቆማ ጆሮዋን ብትጥል፣ ውሻ ቀርቶ ድመትም የለ።

«ጭቃ ውስጥ ተኝቶ የማይጮኸው ምን ዓይነት ውሻ ነው?» አለች ስትመለስ።

አጣፊዋ ሳቋ አመለጣት። ተኳሿ ግን ካውያዋን አቁማ፣ እዚያ ቦታ በጩቤ አስፈራርተው ቦርሳዋን እንደወሰዱባት ቀስ ብላ ተናገረች። ለባሏ ጣልኩት ነው ያለችው።

«አንቺንም?» አለች አጣፊዋ። አንሶላው ከእጇ ሾለከ። «እኔን ብቻ መስሎኝ እኮ።»

እናትየው በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ተረኛው ፖሊስ ሰው አክባሪ ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ያ መንገድ ሰላም ነው አላት። አቤት ያለ ሰው ስለሌለም እዚያ ይቆም የነበረውን ጥበቃ ወደ ገበያው አዛውረውታል። እርስዎ ተዘርፈዋል ወይ ሲላት፣ አልተዘረፍኩም አለች።

«እንግዲያው የተዘረፈው ሰው ራሱ ይምጣ፣ እናቴ። ያልሰማነውን ከየት እናምጣው?»

ተመልሳ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው።

«ጥበቃ ነበረው እንዴ?» አለች አጣፊዋ።

«ነበረው። ሰላም ነው ተብሎ ተነሣ።»

አጣፊዋ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ወደ አንሶላዋ ዞረች። ተኳሿ አንዱን የሸሚዝ ኮሌታ ደጋግማ ስትተኩስ ቆየች፤ ሳይቃጠል የቀረው በዕድሉ ነው። ከዚያ የካውያውን ገመድ ነቀለችው።

«ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ናት?»

«አምስተኛ።»

«ባሌ ዋሸሽኝ ብሎ ማኩረፉ አይቀርም» አለች ሽርጧን እየፈታች። «እራት ሲቀርብ ይታረቃል። ነይ፣ ያ ደግ ተረኛ ሳይቀየር እንሂድ።»

ከግቢው ወጥተው ዳገቱን ዞሩ። አቋራጩን ገና አልደፈሩትም።